ስድስት ሜዳ በዶፍ ዝናብ

በአራተኛው ቀን ጠዋት ዝናቡ ጣሪያው ላይ ባቄላ እንደሚደፋ ሰው ሲያንኳኳ፣ ራናልድ ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያየው የሚስቱን ተረከዝ ነው። አልጋው ለአንድ ተኩል ሰው የተሠራ ስለሆነ ባልና ሚስቱ የሚተኙት ራስና እግር ሆነው ነበር። ተረከዙ ሁለት ካልሲ ደርቧል። ከተረከዙ ማዶ ድምፅ መጣ።

«ነቅተሃል?»

«ነቅቻለሁ።»

«እንግዲያው ስማኝ። በእኔ በኩል ያፈሳል። ትናንት ጠብታው ትከሻዬ ላይ ነበር፤ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ነው። ነገ አፌ ውስጥ ሲገባ፣ ባሌ ሻይ አፍልቶ አጠጣኝ ብዬ አመሰግንሃለሁ።»

ራናልድ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ ፈገግ አለ። ፈገግታውን እንዳታይበት ግን ተጠነቀቀ።

ነገሩ የተጀመረው በሚያዝያ ነው። ራናልድ ዕድሜ ልኩን የጀልባ ሞተር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ አራት ዓመቱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ዳቦ ሊገዛ ወጣና ከፊት የሚነዱባት፣ ከኋላ የሚተኙባትና የሚያበስሉባት አንዲት የመኖሪያ መኪና ይዞ ተመለሰ። ዳቦውን ረስቶታል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው፤ ራናልድ ያየው በመስኮቷ ላይ የተሰቀለውን አበባማ መጋረጃ ነው። በሯ በእርግጫ ካልሆነ እንደማይከፈት፣ የውኃ መሳቢያዋ ሲነሣ እንደ ታመመ ውሻ እንደሚያቃስት ያወቀው በኋላ ነው። ያም ሆኖ «እመቤቲቱ» ብሎ ሰየማት። ኤልስፔት ደግሞ አንድ ጊዜ ዞራ አየቻትና «ቆርቆሮ» አለቻት፤ ስሟም በዚያው ጸና።

ኤልስፔት በስኮትላንድ ሰሜን ዳርቻ፣ በተራራው መንገድ፣ ሠላሳ ዓመት ፖስታ ስታመላልስ የኖረች ሴት ናት። «ዝናብ አልፈራም» ትላለች፤ «ጠግቤዋለሁ እንጂ። ለጡረታዬ የለመንኩት ደረቅ ወንበርና ደረቅ ካልሲ ብቻ ነው።» ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ መኪናዋ ለታናሽ ወንድሟ ለቶርኪል እንድትተላለፍ ፈለገች። ቶርኪል ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ቢረጥብም ግድ የለውም። ራናልድ አልሰጥም አለ። ሁለት ሳምንት ተከራክረው በመጨረሻ ሁለቱም በሚወዱት ነገር ለመቁረጥ ተስማሙ፤ በጎልፍ።

«ስድስት ሜዳ፣ በስድስት ቀን፣ አንድ ለአንድ» አለች ኤልስፔት። «በቆርቆሮህ እየዞርን። ብዙ ሜዳ ካሸነፍኩ ቶርኪል ይወስዳታል።»

«እኔ ካሸነፍኩ ትቆያለች።»

«ትቆያለች።»

«እኩል ከወጣንስ?»

ኤልስፔት ትንሽ አሰበች። «እኩል ከወጣን ባለበት ይቀጥላል፤ ትቆያለች። ይህን የማደርግልህ እኩል እንደማንወጣ ስለማውቅ ነው።»

ራናልድ እጇን ጨበጠ። ለማንም ያልተናገረው አንድ ምስጢር ግን በሆዱ ነበረው። ቤታቸው ሰፊ ነው፤ ልጆቹ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ይብስ ሰፋ። እሱ ከጓሮ ባለችው የመሣሪያ ክፍሉ ይውላል፤ እሷ ፎቅ ላይ ከሬዲዮዋ ጋር። ለምሳ ይገናኛሉ። አንዱ «ጨው» ይላል፣ ሌላው ያቀብላል፣ አለቀ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነሱ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። ራናልድ በልቡ፣ «ሰልችቻታለሁ፤ ምን ታድርግ» ብሎ ደምድሟል።

ከዚያ መኪናዋ መጣች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ባሕር ዳር ሲያድሩ ኤልስፔት ሁለቱንም ሌሊት ተናገረች። ብዙው ስድብ ነበር፤ ቢሆንም ንግግር ነው። አንዱ ካልተቀመጠ ሌላው መዞር በማይችልበት ክፍል ውስጥ ሰው ዝም ብሎ መኖር አይችልም፤ ቢያንስ «ክርንህን አንሣ» ማለት አለበት። ከክርን ይጀመራል፤ ከዚያ ስለ ትከሻ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ድሮ። ራናልድ አራት ዓመት የናፈቃትን ሴት እዚያች ቆርቆሮ ውስጥ አገኛት። መኪናዋ ከሄደች እሷም ወደ ፎቋ እንደምትወጣና እሱም ወደ ጨው እንደሚመለስ እርግጠኛ ነበር። የሚጫወተው ለዚህ ነው። የጎልፉስ ነገር ቢቀር ግድ አልነበረውም።

እና ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ሌላው ሰው ምድጃውን ታቅፎ በተቀመጠበት ሰሞን፣ ዱላቸውን ጭነው ወጡ።

በመጀመሪያው ሜዳ ከእነሱና ከበጎቹ በቀር ፍጡር አልነበረም። የገጠር ሜዳ ዘጠኝ ጉድጓድ አለው፤ በጥቂት ምት ኳሷን የከተተ ጉድጓዱን ይወስዳል፣ ብዙ ጉድጓድ የወሰደ ሜዳውን። ሣሩን የሚያጭዱት በጎች ናቸው። በየጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን እንደ ምንጣፍ የተላጨ ሣር እንዳይረግጡት ግን የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዞርበታል። ረጅም ሰው ሽቦውን ይሻገረዋል። ራናልድ አጭር ነው፤ አጭርነቱን ደግሞ አያምንም። በሦስተኛው ጉድጓድ ላይ አንድ እግሩን አሻግሮ ሁለተኛውን ሲያነሣ ሽቦው እርጥብ ሱሪውን ከማይነካበት ቦታ ነካው።

ጩኸቱን ከወንዙ ማዶ ያሉ በጎች ሰምተው ሮጡ። ኤልስፔት ዱላዋን ተደግፋ ከአንጀቷ ሳቀች፤ መቆም አቅቷት ተቀመጠች።

«ምኑ ያስቅሻል? ልሞት ነበር እኮ!»

«አትሞትም። እንዲያውም እንዲህ ዘለህ አይቼህ አላውቅም። እስቲ ድገመው።»

በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ እንዲሉ ራናልድ ቁጣውን ዋጠ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ከሽቦው መራቅን ብቻ ስለሚያስብ አንድም ኳስ አልገባለትም። ኤልስፔት ሜዳውን ወሰደች። ተሸናፊው የመጸዳጃውን ገንዳ እንዲደፋ ተስማምተው ነበርና፣ ማታ ራናልድ ገንዳውን ተሸክሞ ወደ መድፊያው ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ራናልድ ቸኩሎ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳያይ ደፋ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ኤልስፔት በመስኮት አይታለች። እሱ እስከ ዛሬ «ጭቃ ነው» ይላል።

በየማታው ቶርኪል ይደውላል።

«እኅቴ፣ እንዴት ናችሁ? ውስጧ ደረቅ ነው?»

«ከባሕሩ ይሻላል» ትላለች ኤልስፔት።

«ማን እየመራ ነው?»

«ነፋሱ።»

ሁለተኛው ሜዳ ላይ ነፋሱ እንደ እብድ በሬ ነበር። ራናልድ የመታት ኳስ ከፍ ብላ ወጣች፣ ሰማይ ላይ ቆመች፣ አሰበች፣ ከዚያም ተመልሳ ከኋላው ወደቀች። ከዚህ በኋላ ኳሷን ከመሬት ሳያነሣ እያንከባለለ ብቻ ተጫወተ። መልክ የሌለው ጨዋታ ነው፤ አሸነፈ ግን። በደስታ የሁለቱን እራት ልሥራ ብሎ በጢስ የደረቀ ዓሣ በዝግ መስኮት ጠበሰ። ሽታው ትራስ ውስጥ ገባ፣ መጋረጃ ውስጥ ገባ፣ የጥርስ ብሩሽ ውስጥ ገባ።

«እኔ ይህን መኪና ለቶርኪል አልሰጠውም» አለች ኤልስፔት አፍንጫዋን ይዛ።

ራናልድ ከምድጃው ዞረ። «እውነት?»

«ለድመት ነው የምሰጠው።»

ሦስተኛው ሜዳ ላይ የበረዶ ጠጠር ወረደ። ኤልስፔት መነጽሯ እየተሸፈነባት ወደ ጉድጓዱ ሳይሆን ወደ በጎቹ የውኃ ባልዲ ስታነጣጥር ራናልድ አሸነፈ፤ ሁለት ለአንድ መራ። በዚያች በአራተኛው ቀን ጠዋት ብርድ ልብስ ስር ፈገግ ያለውም ለዚህ ነበር። ፈገግታው ግን ከቁርስ አላለፈም። ጆሮዋ ውስጥ ውኃ የገባባት ሴት ለብቻዋ አንድ ጦር ናት። ኤልስፔት ከመጀመሪያው ጉድጓድ እስከ አምስተኛው አንድም ቃል ሳትተነፍስ ጠራርጋ ወሰደችው፤ የቀሩትን አራቱን መጫወት እንኳ አላስፈለገም። ሁለት ለሁለት።

በአምስተኛው ቀን ጭጋግ ወረደ። ኤልስፔት ቆማ መታች። ኳሷ ወደ ነጩ ገባች፤ ከነጩ ውስጥ «ባአአ» የሚል ድምፅ ተመለሰ።

«በግ መታሽ!» አለ ራናልድ።

«ከተናገረ ደህና ነው። አንተ ምታ።»

ራናልድም መታ። ሁለቱም ኳሳቸውን ፍለጋ ገቡ። ግማሽ ሰዓት ተንከራተው ያገኙት የመጀመሪያው ነገር የገዛ መኪናቸው ነው። «ይህ ሜዳ የማንም አይሁን» ብለው በሯን በእርግጫ ከፍተው ገቡ፤ ቀኑን ሙሉም ገንፏቸውን እየበሉ፣ ሻያቸውን እየጠጡ፣ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ተቀመጡ። መስኮቱ ላይ ከጭጋግ በቀር የሚታይ ስለሌለ ኤልስፔት ወሬ ጀመረች።

«ግሌን ዶርክ በሚባል ሸለቆ አንድ ገበሬ ነበር፤ ብቻውን የሚኖር። በየሳምንቱ ማክሰኞ አንድ ደብዳቤ ይመጣለታል። ሁልጊዜ አንድ። ሰባት ኪሎ ሜትር ለአንድ ደብዳቤ እነዳለሁ።»

«ከማን ነው የሚመጣው?»

«ከራሱ።»

«እንዴት ከራሱ?»

«ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ ለራሱ ጽፎ ይልከዋል። ጽሕፈቱን አላውቅ መሰለህ? ደጁን የሚረግጥ ሰው እንዲያገኝ ነው።»

ራናልድ ስኒውን አስቀመጠ። «ምን አደረግሽ ታዲያ?»

«ምን አደርጋለሁ? በየማክሰኞው ሻይ ጠጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት።»

ራናልድ ሻይ ጨመረላት። አርባ ሦስት ዓመት አብሯት ሲኖር ይህን ሰምቶ አያውቅም። ስንት እንዲህ ያለ ነገር ሆዷ ውስጥ አለ ብሎ አሰበ፤ አሰበና አዘነ። ነገ የመጨረሻው ሜዳ ነው። የሚያሸንፍ ካለ ነገ ያሸንፋል፤ እኩል ከወጡ መኪናዋ ትቆያለች። መሸነፍ ብቻ ነው የማይቻለው። በዚያች ሌሊት በተረከዟ ሥር ተጋድሞ ያንኑ ሲያሰላስል አነጋ።

ስድስተኛው ሜዳ ኪልቬግ ነው፤ ባሕር አፋፍ ላይ። ሲደርሱ ማዕበሉ ገደሉን እየመታ አረፋውን እስከ መጀመሪያው መነሻ ይረጨዋል። በሜዳው መግቢያ ባለችው ጎጆ ውስጥ አንዲት ወፍራም ሴት ከውሻዋ ጋር ተቀምጣ ትሞቃለች። መስኮቷን ለአንድ ጣት ያህል ከፈተች።

«ምን ልርዳችሁ?»

«ልንጫወት ነው» አለ ራናልድ።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

«ሐኪማችሁ ያውቃል?»

«ቢያውቅ ኖሮ እሱን ይከለክለው ነበር» አለች ኤልስፔት። «እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

ሴትዮዋ ውሻዋን አየች፣ ውሻው እሷን አየ፤ መስኮቱ ተዘጋ።

የዚያን ቀን ጨዋታ በዝርዝር ለሚጠይቅ ሰው ራናልድ ብዙ አያስታውስም። ነፋሱ ጉንጩን ከጥርሱ ይለያይ ነበር። ኤልስፔት ሁለተኛውን ወሰደች፣ እሱ አራተኛውን። ኤልስፔት አምስተኛውን፣ እሱ ሰባተኛውን። የቀረውን ተካፈሉ። በስምንተኛው ላይ የጉድጓዱ ምልክት ባንዲራ ከነእንጨቱ ተነቅሎ ባሕር ገባ፤ ሁለቱም ለመሣቅ እንኳ አፋቸውን አልከፈቱም። ዘጠነኛው መነሻ ላይ ሲቆሙ እኩል ነበሩ። ራናልድ ይህን የመጨረሻ ጉድጓድ እስካልተሸነፈ ድረስ መኪናዋን አድኗል።

ኤልስፔት ቀድማ መታች፤ ኳሷ ዝቅ ብላ ቀጥ ብላ ሄደች። ራናልድ ተነፈሰ፣ ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፣ መታ። ነፋሱ ኳሷን አንገቷን ይዞ ወደ ቀኝ ጎተታትና በድንጋዩ አጥር ሥር ካለው ቁጥቋጦ ጣላት።

«በርታ» አለች ኤልስፔት፤ ጀርባዋን ለዝናቡ ሰጥታም በግራ በኩል ወደ ኳሷ ሄደች። ራናልድ ብቻውን ወደ አጥሩ ወጣ።

ኳሷን ወዲያው አገኛት። አንዲት ቅርንጫፍ ላይ ጎጆ ውስጥ እንዳለ እንቁላል ተቀምጣለች። ለመምታት ምቹ ናት። ራናልድ አመቻችቶ ሊቆም ግራ እግሩን ሲያስገባ ቅርንጫፏ ተንቀጠቀጠች፣ ኳሷ ተንሸራተተችና አንድ ስንዝር ወደ ታች ወረደች።

ራናልድ ደርቆ ቀረ።

የገዛ ኳሱን ያንቀሳቀሰ ሰው ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፤ አንድ ምትም በራሱ ላይ ይጨምራል። ይህን ደንብ ከራናልድ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። በመንደራቸው ክበብ አሥራ አንድ ዓመት የደንብ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። በዚሁ ደንብ የሰበካውን ቄስ ዋንጫ አስቀርቷቸዋል፤ ቄሱ ከዚያ ወዲህ ሲሰብኩ ወደ እሱ አያዩም። ችግሩ በዚህ ጨዋታ ዳኛ የለም። እያንዳንዱ የራሱ ዳኛ ነው፤ ስንት መታህ ሲባል የተናገረው ይታመናል። ስለዚህም ነው ጎልፍ የሚጫወት ሰው በሌላው ነገር ሁሉ ቢዋሽ በዚህ የማይዋሸው።

ዙሪያውን ቃኘ። ኤልስፔት ሩቅ ናት፤ የምትታየው ጀርባዋ ብቻ ነው። ከአጥሩ ላይ አንድ በግ አንገቱን አስግጎ እያላመጠ ያየዋል።

«አየህ እንዴ?» አለው ራናልድ።

በጉ ዓይኔን ግንባር ያድርገው የሚል ይመስል ፊቱን አዞረ።

ራናልድ ኳሷን በደነዘዙ ጣቶቹ አንሥቶ ቅርንጫፏ ላይ መለሳት። ያን ያህሉን ማንም ሳያስገድደው አደረገ። ከዚያ መታ፤ ኳሷ ወደ ሜዳው ወጣች። እየተከተላት ሲራመድ ከራሱ ጋር ተሟገተ። አንዲት ምት! ኳሷን እንኳ ዱላ አልነካትም። ከባሕር አንዲት ጠብታ። የምዋሸው ለዋንጫ አይደለም፤ ለሚስቴ ነው። ለራሷ ለሚስቴ ሚስቴን ብዋሻት ምን አለበት? ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል አይደል? ክርክሩ ጥሩ ነበር። ቄሱ ይህን ቢያቀርቡለት ግን በአንድ ቃል ያፈርሰው እንደነበር ያውቃል።

ቀጥሎ የመታት ኳስ ሽቦውን አልፋ ከተላጨው ሣር ጥግ አረፈች፤ ከጉድጓዱ አሥራ አምስት እርምጃ ያህል። ኤልስፔት በሁለተኛው ምቷ ከሽቦው በፊት ቀርታ፣ በሦስተኛው ከጉድጓዱ አንድ ክንድ ላይ አስቀምጣታለች። ከአንድ ክንድ ልጅም ያገባል። ሽቦውን አለፉ፤ ራናልድ በሆዱ ተንፏቆ።

«ያንተ ተራ ነው» አለች ኤልስፔት።

አሥራ አምስት እርምጃ በዚያ ነፋስ የሚገባ ኳስ አይደለም። ራናልድ ገፋት። ኳሷ ወጣች፣ ወደ ግራ አጋደለች፣ ልትቆም ስትል ነፋሱ ከኋላዋ መጣ። ስድስት ቀን ሙሉ ሲረግመው የኖረው ነፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ አገዘው። ኳሷ ተንከባልላ፣ ተንከባልላ፣ ጠርዙን ዞራ ገባች።

«አንተ ሽማግሌ!» ብላ ጮኸች ኤልስፔት። «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! ስንት ሆነልህ?»

«አራት» አለ የራናልድ አፍ።

«አራት። እኔም እንደዚያው ነው የቆጠርኩት። የኔም ይቺ ከገባች አራት ነው። እኩል ልንወጣ ነው ማለት ነው።» በኳሷ ላይ አጎነበሰች። ዝናቡ ከባርኔጣዋ ጫፍ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ዱላዋን አስተካከለች። ደንቡ እሷ ሳትመታ በፊት ቃሉን እንዲያርም ይፈቅድለታል፤ ከመታች በኋላ ግን ውሸት ነው።

ራናልድ ትናንት የሰማውን ድምፅዋን አስታወሰ፤ ገንፎው ላይ፣ ጭጋጉ ውስጥ። በውሸት ያቆያት እንደሆነ ከዛሬ ጀምሮ በተናገረችው ቁጥር ያቺ ስንዝር በመካከላቸው ትቀመጣለች።

«ቆይ።»

«ምነው?»

«አምስት ነው። ቁጥቋጦው ውስጥ ኳሷን በእግሬ አንቀሳቅሻታለሁ። መልሻታለሁ፤ ምቱ ግን ይቆጠራል።»

ኤልስፔት ቀና አለች። «ማን አየህ?»

«በግ።»

«በግ?»

«አንድ በግ። እሱም አልናገርም ያለ ይመስላል።»

ኳሷን አየች፣ ጉድጓዱን አየች። አንድ ክንድ ብቻ ነው የቀራት። ራናልድ ቅስሙ ተሰብሮ ነበር፤ ቢሆንም እንደ ጨዋ ሰው ልሸነፍ ብሎ «አትድከሚ፣ እንደገባች ይቆጠር» ሊላት አፉን ከፈተ። ኤልስፔት ግን ቀደመችው። ጎንበስ ብላ ኳሷን በእጇ አነሣችና ኪሷ ከተተች።

«ጉድጓዱ ያንተ ነው» አለች። «ሰጥቼሃለሁ።»

«ምን?»

«ሰጥቼሃለሁ አልኩህ። ሜዳውም ያንተ፣ ቆርቆሮዋም ያንተ።»

«እንዴት ሆኖ! አንድ መግፋት እኮ ነው የቀረሽ! አሸንፈሻል! መልሰሽ አስቀምጫት!»

«ሊቀ መንበር» አለች ኤልስፔት ዱላዋን ወደ ደረቱ ቀስራ። «አንድ ለአንድ ሲጫወቱ ጉድጓዱ ሳያልቅ ለባላጋራ መስጠት ይቻላል ወይስ አይቻልም?»

«ይቻላል።»

«የተሰጠ ነገር እምቢ ይባላል?»

«አይባልም።»

«ይመለሳል?»

«አይመለስም። ግን ለምን?»

ኤልስፔት መነጽሯን አውልቃ በረጠበ ጓንቷ ጠረገችው፤ የባሰ ረጠበ። መልሳ አደረገችው።

«ያቺን ቆርቆሮ እጠላታለሁ። ልብ በል፤ አሁንም እጠላታለሁ። ጆሮዬ ውስጥ ዓሣ ማርባት ይቻላል። ግን ቤት ስንገባ ዝም ትላለህ።»

«እኔ?»

«አንተ! አራት ዓመት ሙሉ። አንዴ ዘጠኝ ቀን ቆጥሬብሃለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ‹ጨው› ብቻ ነው ያልከኝ። ሰልችቼዋለሁ፣ ምን ይፈረድበታል ብዬ ተውኩት። እዚህ ግን...» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ተቆጥታ አቃናችው። «እዚህ ግን ከበግ በቀር ማንም ያላየውን እንኳ አምጥተህ ትነግረኛለህ።»

ራናልድ ማልቀስ አማረው፤ ፊቱ ቀድሞውኑ ርሶ ስለነበር አልቅሶም ይሆናል። ከዚያ የሰማው ነገር ቀስ ብሎ ገባውና አበገነው።

«አንቺ ነሽ እንጂ ዝም ያልሽው! ሬዲዮ እየጮኸ በየት በኩል ልግባ? ከዜና አንባቢው ጋር ልሻማ?»

«ሬዲዮውን የከፈትኩት አንተ የመሣሪያ ክፍል ስለገባህ ነው!»

«የመሣሪያ ክፍል የገባሁት ሬዲዮ ስለከፈትሽ ነው!»

«ውሸታም! መጀመሪያ የገባኸው ሽንት ቤቱን ልጠግን ብለህ ነው፤ ሐምሌ ላይ!»

«ሐምሌ አይደለም፤ ኅዳር ነው!»

ኳስ ከገባ በኋላ ከኋላ ለሚመጡት ቦታ መልቀቅ የጎልፍ የመጀመሪያው ጨዋነት ነው። ራናልድም በሊቀ መንበርነቱ ዘመን እዚያው ቆመው የሚያወሩትን ሰዎች ሲያባርር ኖሯል። በዚያን ቀን በኪልቬግ ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ባልና ሚስቱም ጉድጓዱ አጠገብ በዝናቡ ውስጥ ቆመው፣ መጀመሪያ ዝም ያለው ማን እንደሆነ ሲጨቃጨቁ ዋሉ።